ዘምዘም ጋ ወራጅ አለ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ ጆሮ ድፍን ይላል፣ ቀጥሎ ሹፌሩ ሙዚቃውን ይቀንሳል፣ ከዛ ጉሙ ይመጣና መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ የሸፈኑት ያስመስለዋል፣ በቃ ከዛ በኋላ ተራራ የለም፣ ገደል የለም፣ የሚታየው የፊተኛው መኪና ቀይ መብራት ብቻ ነው፣ የሚሰማው ደግሞ የፍሬኑ ሲጥ ሲጥታና የሆነች ሴትዮ በሹክሹክታ "ያረቢ፣ ያረቢ" ስትል ነው። ሉባባ ይሄን መንገድ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ጠዋት ሽቅብ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ቁልቁል ወደ ቤት። ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሻርፗን አገጯ ድረስ ስባ፣ ከረዳቱ ከሰይዴ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ ትልና መታጠፊያዎቹን በሆዷ ትለያቸዋለች፤ ወደ ግራ ስትንሸራተት ያኛው ነው፣ ወደ ቀኝ ስትንሸራተት ይሄኛው፣ ሆዷ ባዶ የሆነ ሲመስላት ደግሞ ደርሰዋል ማለት ነው።

እዛ ጋ ሰይዴ ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ ያደርግና ይጣራል። "ዘምዘም! ዘምዘም ወራጅ አለ?"

ዘምዘም የሉባባ እህት ናት። ነበረች።

ወይኔ፣ ዘምዘምን ብታውቋት! ስትስቅ ጎረቤት "ምን ተገኘ?" ብሎ በር ላይ ይወጣ ነበር እኮ። ደሴ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ተቀጥራ ነበር የምትሠራው፣ ማታ ማታ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀ የክር ቁርጥራጭ ይዛ ትገባለች፣ ጣቶቿ ደግሞ ከመርፌና ከመቀስ ጋር ስለሚውሉ ጉጠት ናቸው፣ ጉጠት! አባታቸው ሉባባ መልኩን ሳታውቀው ስለሞተ ቤቱ የሦስት ሴቶች ቤት ነበር፤ እናታቸው ወይዘሮ ሀዋ፣ ዘምዘምና ሉባባ። የእናታቸው እጅ ቁርጥማት ስላለበት የሉባባን ጸጉር የምትሠራው ዘምዘም ነበረች። እሷ መደቡ ላይ፣ ሉባባ ጉልበቶቿ መሀል በርጩማ ላይ፣ እና ጨዋታው ሚኒባስ ነበር። የሉባባ ጭንቅላት መሪው ነው፤ ዘምዘም ሹሩባውን ወደ ግራ ስትስበው ሐረጎ በግራ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ስትስበው በቀኝ፣ እና ሲያማት፣ ቆዳዋ ከግንባሯ ጋር ተነቅሎ የሚሄድ ሲመስላት፣ ሉባባ ትጮሃለች፣ "ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!" ዘምዘም ደግሞ የረዳት ድምፅ አውጥታ፣ ጎርነን አድርጋ፣ ጆሮዋ ሥር "ወራጅ የለም! ሳበው!" ትልና የባሰ ትጎትታታለች። ከጓዳ እናታቸው፣ "ልጄን መላጣ ልታደርጊያት ነው? አንቺ ሸይጣን!" ስትል ሦስቱም ይስቃሉ። እንደዛ ነበር ቤቱ።

ባለፈው ግንቦት ዘምዘም የተሳፈረችበት ሚኒባስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። የተረፉት በኋላ እንዳወሩት፣ እሷ እንደ ሁልጊዜዋ ከኋላ ወንበር ግራ ጥግ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ "ወራጅ አለ" ብላ ነበር። ሹፌሩም ሰምቷታል። መኪናው ግን አልቆመም፣ ነጩ ቋጥኝ የሚባለውን ትልቅ ድንጋይ ገጭቶ በጎኑ ተኛ። የሌላው ሰው እጁ ተሰበረ፣ እግሩ ተሰበረ፣ ተረፈ። እሷ ብቻ፣ የቤቷ ጣሪያ ከሚታይበት ቦታ ላይ፣ "ወራጅ አለ" ብላ ሳትወርድ ቀረች።

የቦታው ስም የሉባባ ሐሳብ ነበር። ከአደጋው በኋላ ሰዎች ሳያስቡት፣ ክፋትም ሳይኖርባቸው፣ ነጩ ቋጥኝ ማለቱን ትተው "ልጅቷ የሞተችበት" ማለት ጀምረው ነበር። መንገድ ላይ እንደዛ ነው፤ እከሌ የተገለበጠበት፣ እከሌ የገባበት ገደል እየተባለ ነው የሚኬደው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ሉባባ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብላ ሰይዴ "ልጅቷ የሞተችበት ወራጅ አለ?" ሲል ስትሰማ በቃ ደሟ ፈላ፣ ጭንቅላቷ ጣሪያውን እስኪገጨው ብድግ ብላ፣ "ስም አላት! ዘምዘም ነው ስሟ! ዘምዘም በል!" ብላ ጮኸችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሰይዴ፣ ያ ፂሙን እየጎተተ ከተሳፋሪው ጋር ሲቀልድ የሚውለው ምላሰኛ ሰውዬ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"አፉ በይኝ እህቴ" አለ በመጨረሻ። "እህትሽ መሆኗን አላወቅኩም፣ ወላሂ አላወቅኩም።"

ከዛ ቀን ጀምሮ "ዘምዘም" ማለት ጀመረ። ለሌሎቹ ረዳቶችም ነገራቸው፣ እነሱም ያዙት። የሰፈሩ ወጣቶች ደግሞ ቋጥኙ ላይ በትልልቁ ዘምዘም ብለው በሰማያዊ ቀለም ጻፉበት፣ ቀበሌውም ደስ ብሎት ከቋጥኙ እስከ ታች ትንሿ ድልድይ ያለው መንገድ "የዘምዘም መታጠፊያ" ይባል ብሎ የቆርቆሮ ሰሌዳ አቆመ። ሉባባ ሰሌዳውን አቅፋ ሳመችው። ቀዝቃዛ ነበር፣ ቀለም ቀለም ይሸታል፣ እና እሷ የእህቷን ጉንጭ የሳመች ያህል ደስ አላት።

ደስ ያላት ግን በዋናነት በእናቷ ምክንያት ነው። ወይዘሮ ሀዋ ከቀብሩ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትውለው። ከግቢ አትወጣም። እህል ሲቀርብላት ነካ ነካ አድርጋ ትገፋዋለች፣ አንገቷ ቀጥኖ ቀጥኖ ክር መስሏል። ሉባባ ማታ ማታ ትንፋሿን ታዳምጣለች፣ እህቷን የወሰደ ነገር እናቷንም በዝግታ እየወሰደባት መሆኑን ታውቃለች፣ ምን እንደምታደርግ ግን አታውቅም። ቤታቸው ከመንገዱ ሥር፣ ከቋጥኙ በታች ስለሆነ፣ መስኮት ሲከፈት የሚኒባሱ ረዳት ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። እና የመጀመሪያው ቀን "ዘምዘም! ዘምዘም ወራጅ አለ?" ሲባል እናቷ ከግድግዳው ዞረች። ዞረች እኮ! "ማን ነው ልጄን የሚጠራት?" አለች። ያን ቀን ማታ ሳህኗን ጨረሰች።

እማማ ሩቂያ ብቻ አልወደዱትም። እሳቸው የሰፈሩን ሴት ሬሳ የሚያጥቡት እናት ናቸው፤ ዘምዘምንም ያጠቧት፣ ካፉር የሚባለውን የሬሳ ሽቶ ነስንሰው የከፈኗት እሳቸው ናቸው። ሰሌዳው የቆመ ቀን ለሰደቃ የተሰበሰበው ሰው መሀል ሉባባን በክንዷ ያዟት።

"የሞተ ሰው ስም ሲጠራ ምን ይባላል?"

"አላህ ይርሀማት ይባላል።"

"እና ለምን አይሉም? እንዲሁ ልቅ አድርገው ነው እኮ የሚጠሯት። ዱአ የሌለው ስም መጥሪያ ነው የኔ ልጅ። ቀኑን ሙሉ የተጠራ ሰው ደግሞ አንድ ቀን አቤት ይላል።"

ሉባባ ሳቋ መጣ። "እማማ ደግሞ! ሰይዴ እንዴት ብሎ ነው 'ዘምዘም አላህ ይርሀማት ወራጅ አለ?' የሚለው? ምላሱ ይታሰራል እኮ!"

እማማ ሩቂያ አልሳቁም። ወደ ወይዘሮ ሀዋ አዩ። "እናትሽም አንድ ቀን ብላው አታውቅም" አሉ። እውነት ነው። ሁሉም ሰው ሲለው ወይዘሮ ሀዋ ከንፈሯን ገጥማ ነው የምታልፈው።

መስከረም አለፈ፣ ጥቅምትም ጥሩ ነበር። ኅዳር ሲገባ ጉሙ ከሰዓት ከሰዓት ሐረጎ ላይ መተኛት ጀመረ፣ እና አንድ ቀን ሉባባ ፈተና አድክሟት መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ነበር፤ ሰይዴ ሲጣራ ከሩቅ ሰማችው፣ አፏን ከፍታ መልስ ልትሰጥ ስትል ከኋላ የሆነ ሰው ቀደማት። "ወራጅ አለ።" ለስለስ ያለ፣ የደከመው፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ የዋለ ሰው ድምፅ። ሚኒባሱ ቆመ። ሉባባ ወረደች። ጉሙ ውስጥ ቆማ ሻርፗን ስታስተካክል ሰይዴ በሩን ይዞ ወደ ውስጥ እያየ ነበር።

"ሌላዋስ?" አለ።

"የቷ ሌላ?"

ሰይዴ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ በሩን ዘጋው፣ መኪናውም ሄደ፣ ድምፁ ከመታጠፊያው ጀርባ ሲጠፋ ሉባባ ጉሙ ውስጥ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማች፣ አንዴ፣ እንደገና፣ ጫማው የላላ ሰው በጥንቃቄ ቁልቁለት ሲወርድ እንደሚሰማው ዓይነት። ፍየል ነው አለች። እዛ ሰፈር ፍየል ሞልቷል።

ከዛ በኋላ ሽታው መጣ። መጀመሪያ ላይ እርጥብ አፈር ነው ብላ ነበር፣ ሰው በጫማው ጭቃ ይዞ ይገባል፣ በዛ ላይ ጉም። ግን ከአፈሩ ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ ቀዝቀዝ የሚል፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ዓይን የሚያስለቅስ፣ ንጹህ ግን የሚያስፈራ ንጹህ፣ የሆነ ቦታ አሽታዋለች፣ ግን የት? ሚኒባሱ ሐረጎን መውረድ ሲጀምር ከኋላ ወንበር ይነሳና በተሳፋሪው እግር መሀል እየተሳበ እሷ ጋ ይደርሳል። አንድ ከሰዓት ላይ ሰይዴ እንደ ልማዱ ትርፍ ሰው ሊጭን፣ "ኋላ! ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ፣ አንድ ሰው ጨምሩልኝ!" ሲል አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቆጡ።

"ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሞልተናል እኮ! አራት ሆነን ተጣብቀን እያየህ!"

ሉባባ ዞር ብላ አየች። ሦስት ነበሩ። ሦስቱም ወደ ቀኝ ተጨናንቀው፣ ትከሻቸውን ሰብስበው፣ አንዱ ሽማግሌ ግማሽ መቀመጫቸው አየር ላይ ሆኖ፣ በግራ ጥግ በኩል ግን አንድ ሰው የሚይዝ ባዶ ቦታ ትተው ተቀምጠዋል። ማንም ወደዛ አያይም። ሰይዴም አየ። አፉን ሊከፍት ብሎ ተወውና ትርፉን ሰውዬ "በሚቀጥለው ና ወንድሜ" ብሎ መለሰው። ሰይዴ ትርፍ ሰው ሲመልስ! የዛን ጊዜ ነው ሉባባ ሽታውን የት እንደምታውቀው ትዝ ያላት። ካፉር ነው። ዘምዘም ተከፍና መሀል ቤት የተኛች ጊዜ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ስትስማት የሸተታት ካፉር።

ቤትም ነገሮች ተቀያየሩ፣ እና የሚያሳዝነው፣ ሁሉም መልካም ነገር ይመስል ነበር። ወይዘሮ ሀዋ መብላት ቀጠለች። ፊቷ ሞላ። ራት ስታቀርብ ሦስተኛ ሳህን ታወጣለች፣ ሉባባ "እማ፣ ሁለት ነን እኮ" ስትላት "እጄ ለምዶ ነው" ትላለች፣ ግን አትመልሰውም። በር ሲመሽ መቀርቀር አቆመች። ወደ ማታ ላይ መደቡ ጥግ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ ትቀመጥና መንገዱን ታዳምጣለች፣ ረዳቱ ሲጣራ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ትላለች፣ ከዛ ከቋጥኙ እስከ ግቢያቸው ያለውን ቁልቁለት በጆሮዋ የምትከተል ይመስል አንገቷን ቀስ ብላ ታዞራለች፣ ከመንገዱ ወደ ቁልቋሉ አጥር፣ ከአጥሩ ወደ ቆርቆሮው በር። በሩ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። አንድ ቀን "ዛሬ ደግሞ እስከ በሩ መጣች" አለች፣ በጣም በዝግታ፣ ሉባባ መኖሯን ረስታ። ሉባባ ሳህን እያጠበች ነበር። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጀርባዋ ግን የባሰ ቀዘቀዘ። አልዞረችም።

ምን ታድርግ? ስሙን መጥራት ብታስቆማቸው እናቷ ተመልሳ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ብትተወው ደግሞ... ብትተወውስ? ያቺ እህቷ ናት! ዘምዘም ናት እኮ! ሌሊት ትራሷን ነክሳ እያለቀሰች፣ ብትመጣስ፣ ብትገባስ፣ ለምን እፈራታለሁ ትላለች፣ በጣም ናፍቃታለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጸጉሯን ብትጎትታት ምን አለበት፣ ቆዳዋ ቢላጥም አትጮህም ነበር። ከዛ ያ ጠጠር ኮሽ ይላል፣ ከውጭ፣ ከአጥሩ ወዲህ፣ እና ሉባባ ትንፋሿን ትይዛለች።

አንድ ቀን ሰይዴ ራሱ አዋራት። ደሴ መናኸሪያ፣ መኪናው እስኪሞላ፣ ከተሳፋሪው ራቅ አድርጎ ወሰዳት። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቷል።

"ከሰኞ ጀምሮ አንቺ በሌለሽበት ምልልስ መጥራት ትቼ ነበር" አላት። "አትቀየሚኝ። አንቺም ባትኖሪ፣ እዛ ሰፈር የሚወርድ ሰው ባይኖርም፣ ወራጅ አለ ትላለች። ሹፌሩ አሊ አንድ ቀን አልቆምም ብሎ አለፈ፣ ሞተሩ ቋጥኙ ጋ ቀጥ። ስለዚህ ተውኩት። ዝም ስል ደግሞ..." ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየ። "ዝም ስል ራሷ ትለዋለች። ዘምዘም ጋ ወራጅ አለ ትላለች። ስሙን ለምዳዋለች እህቴ።"

ሉባባ የዛን ቀን ቤት ሳትገባ ቀጥ ብላ እማማ ሩቂያ ጋ ሄደች። እማማ ሩቂያ የሙስበሃቸውን ጨሌ እየቆጠሩ ሁሉንም ሰሙ።

"ክፉ ሆና አይደለም" አሉ በኋላ። "ቤቷ ደርሳ ሳትገባ የቀረች ልጅ ናት፣ ትጠራታላችሁ፣ ትመጣለች። ግን እኔ አጥቤ የሸኘኋት ልጅ ተመልሳ አትመጣም፣ ሉባባ። የሚመጣው ስሟን የሰማው ነው። ናፍቆታችሁን ለብሶ ነው የሚመጣው፣ እና ከገባ የሚወጣበትን አያውቅም።"

"ምን ላድርግ እማማ?"

"መጀመሪያ ማለት የነበረባችሁን በሉ። በስሟ ላይ ዱአ አድርጉ፣ ሰው ሁሉ አሚን ይበል። እናትሽን እኔ ነገ መጥቼ አዋራታለሁ። እሷ አፍ አውጥታ ካላለችው አይሆንም።"

በማግስቱ ከሰዓት ጉሙ እንደዛ ወፍሮ አያውቅም ነበር። ሹፌሩ አሊ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ደርሷል፣ ሙዚቃ የለም፣ ሰውም አያወራም፣ መጥረጊያው ብቻ ኪው ኪው እያለ ይመላለሳል፣ እና ካፉሩ መኪናውን ሞልቶት አንድ ሕፃን እናቱ ጉያ ውስጥ ያለቅሳል። ሉባባ ሻርፗን በሁለት እጇ ጨብጣ መታጠፊያዎቹን በሆዷ ትቆጥራለች። ከኋላዋ፣ ከግራ ጥግ፣ የቦርሳ ማንገቻ ሲንሸራተት ሰማች። ሰው ሊወርድ ሲዘጋጅ የሚያሰማው ድምፅ። ሰይዴ አያት፣ እሷም አየችው፣ ሆዷ ባዶ ሆነ።

"ዘምዘም!" አለ ሰይዴ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ።

"አላህ ይርሀማት!" ብላ ጮኸች ሉባባ። "እህቴ ናት! ግንቦት ላይ እዚህ ጋ ሞታ ነው፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ አሚን በሉልኝ!"

አንድ ሽማግሌ ወፈር ባለ ድምፅ "አሚን፣ አላህ ይርሀማት" አሉ፣ ሕፃን የያዘችው ሴት "ነፍሷን ይማር የኔ እናት" ብላ አማተበች፣ ሰይዴም አለው፣ አሊም አለው፣ መኪናው ሙሉ አሚን አሚን ሆነ፣ እና ሉባባ ጆሮዋን አቁማ ከኋላ የሚመጣውን ጠበቀች። ምንም አልመጣም። "ወራጅ አለ" የሚል የለም። አንድ ትንፋሽ ብቻ፣ ረጅም፣ ሰው ሊናገር አስቦ ሲተወው እንደሚያወጣው ዓይነት ትንፋሽ ተሰማትና መጥረጊያው ውስጥ ጠፋ። ኋላ ወንበር ላይ የነበሩት ሰዎች ምን እንዳደረጉ ሳያውቁት እግራቸውን ዘረጉ፣ ወደ ግራ ተለጠጡ፣ ጥጉ ሞላ። ሕፃኑ ለቅሶውን አቆመ።

ሉባባ ቋጥኙ ጋ ብቻዋን ወረደች። ብቻዋን! ጠጠሩ የሚንኮሻኮሸው በእሷ ጫማ ብቻ ነበር። ሰይዴ በመስኮት እጁን አውለበለበላት፣ ፂሙ ሥር ፈገግታው ተመልሶ ነበር፣ እሷ ግን ቋጥኙን ተደግፋ፣ ግንባሯን ሰማያዊው ቀለም ላይ አድርጋ፣ ልቧ እስኪወልቅ አለቀሰች። በር የዘጋችባት መሰላት። ቤቷ ልትገባ ስትል በሯን የዘጋችባት። "አፉ በይኝ ዘሚ" አለች ለድንጋዩ፣ "አፉ በይኝ፣ እማ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው።"

ቤት ስትደርስ መብራት ሄዷል። በሩ እንደ ሰሞኑ ገርበብ ብሏል። ገባችና ከኋላዋ ቀረቀረችው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቤቱ ውስጥ ገና ማታ ሳይሆን ጨልሟል፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ያቺኑ ትንሽ ብርሃን ይመጥጣታል፣ እና እናቷ እንደ ልማዷ መደቡ ጥግ ላይ፣ ነጩን ጨርቅ ራሷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች።

"እማ፣ መብራት ከመቼ ጀምሮ ነው የሄደው?"

መልስ የለም። እንደ በፊቱ ወደ ግድግዳ ዞራ መሆኑን ስታስብ የሉባባ ልብ ስንጥቅ አለ። ግን ነጩ ጨርቅ ተንቀሳቀሰና እጅ ወጣ፣ ፊት ለፊት ያለችውን በርጩማ ጠብ ጠብ አደረጋት። ነይ። ሉባባ ሻርፗን ጥላ፣ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ፣ ሄዳ በጉልበቶቹ መሀል ቁጭ አለችና ጭንቅላቷን ደፋች፣ ሁሉንም ነገር እዛው ዘረገፈችው፤ ስለ ድምፁ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ዱአው፣ "አሁን ሄደች እማ፣ አትመጣም፣ አትቀየሚኝ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል፣ ለኔ ስትይ ብዪ፣ ለኔ ስትይ ዳኚልኝ" እያለች፣ ንፍጧን በእጅጌዋ እየጠረገች። እጆቹ ምንም ሳይሉ የቆየ ሹሩባዋን መፍታት ጀመሩ። እርጥብ ነበሩ፣ ዕቃ ሲያጥቡ እንደቆዩ እጆች፣ ቀዝቃዛ። ካፉሩ አሁንም ይሸታታል፣ ከሚኒባሱ ልብሷ ላይ ይዛው መጥታ ነው። ጣቶቹ ጸጉሯን ከፈሉት፣ ያዙት፣ መጎንጎን ጀመሩ፣ እና እንዴት እንደሚጠብቁ! እናቷ እኮ በዛ ቁርጥማት ስንት ዓመት ሙሉ ማበጠሪያ መያዝ ሲያቅታት ኖራ! ድናለች ማለት ነው አለች ሉባባ፣ አላህ ወስዶ ሰጠኝ አለች፣ ደስታዋ ከእንባዋ ጋር ተደባለቀ። እጆቹ ወደ ግራ ሳቧት። ወደ ቀኝ ሳቧት። ቆዳዋ ከግንባሯ ተነስቶ የሚሄድ መሰላት፣ ዓይኗ ተጎተተ፣ እና ለቅሶና ሳቅ አንድ ላይ አምልጧት፣ የድሮውን ነገር አለችው።

"ኧረ ወራጅ አለ!"

እጆቹ ቆሙ።

ከውጭ፣ ከቁልቋሉ አጥር ወዲያ፣ የሁለት ሰዎች እግር ጠጠሩ ላይ ተሰማ፣ የእማማ ሩቂያ ሳል፣ ቀጥሎም የወይዘሮ ሀዋ ድምፅ፣ ለቅሶ ያደከመው፣ ግን ከስንት ወር በኋላ የሰው ድምፅ የሆነ። "ሉባባ! ልጄ፣ መጥተሻል? ነይ ደግፊኝ፣ ለእህትሽ ዱአ ስናደርግ መሸብን... ዘምዘሜን አላህ ይርሀማት።" የቆርቆሮው በር ተገፋ። አልከፈት አለ። "ኧረ ሉባባ፣ ዛሬ ምን ብለሽ ነው የቀረቀርሽው?"

ሉባባ ለመነሳት ሞከረች፣ ጉልበቶቹ ግን ከሁለት በኩል ቀስ ብለው ገጠሟት፣ ቀዝቃዛዎቹ ጣቶች ሌላ የጸጉር ዘለላ በፍቅር ለዩ፣ ከዛም ጆሮዋ ሥር፣ የካፉር ትንፋሽ፣ ጎርነን ብሎ፣ እየሳቀ፣ "ወራጅ የለም" አላት።